የእግር ጉዞ መስመር ምንድን ነው? ከዘጌ ዳርቻ እስከ ጮቄ አናት

ጎጃሜ እግሩን አምኖ የኖረ ሰው ነው። ገበያ በእግር፣ ሰርግ በእግር፣ ለቅሶ በእግር፣ ንግሥ በእግር። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «እዚህ የእግር ጉዞ መስመር እንሥራ» ቢል የመጀመሪያው መልስ ሳቅ ቢሆን አይገርምም። መንገዱ መች ጠፋና?

ወሬው ግን እየበዛ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በጮቄ ተራሮች የሚገኘውን የኢኮ ቱሪዝም መንደር ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከጣና ማዶ ጎርጎራ ላይ በ«ገበታ ለሀገር» ትልቅ መዝናኛ ተሠርቷል። «ሃይኪንግ»፣ «ትሬኪንግ» የሚሉት ቃላት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ቡና ላይም ይነሣሉ። አንዳንዱ አስፋልት ሊሠራ ነው ብሎ ይጠብቃል። ሌላው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛው የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም ነገሩን በትክክል አልያዙትም። የሁለተኛው ስጋት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የእግር መንገድ ካለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

የእግር መንገድ የሚፈጠረው በጉዳይ ነው። ሰው ከቤቱ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ገበያ ይሄዳል። እግሩ አጭሩን ይመርጣል። ነጋ ጠባ ሲረገጥ ሣሩ ይሞትና መንገድ ይሆናል። ባለቤቱ የሚያውቀው ሰው ነው። የት እንደሚያደርስ፣ በክረምት የት እንደሚያዳልጥ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ማንም አይነግረውም፤ ያውቀዋል።

የእግር ጉዞ መስመር ደግሞ ለማያውቅ ሰው የተዘጋጀ መንገድ ነው። መነሻውና መድረሻው ይታወቃል። ርዝመቱና ዳገቱ አስቀድሞ ይነገራል። አጭሩን ሳይሆን ደስ የሚለውን አቅጣጫ ይይዛል። ብዙ እግርና ብዙ ዝናብ እንዲችል ተደርጎ ይበጃል። የሚያልፍበት መሬት ባለቤቶችም ተስማምተውበታል።

ልዩነቱ ለቤት እንደተጠመቀ ጠላና እንደ ጠላ ቤት ነው። ጠላው ያው ጠላ ነው። ጠላ ቤቱ ግን ደጁ ላይ በእንጨት የተሰቀለ ጣሳ አለው፣ ዋጋው የታወቀ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው አለ።

ስለዚህ አስፋልት የሚጠብቀው ሰው አይጠብቅ። ጥሩ መስመር አብዛኛው ክፍሉ የቆየ መንገድ ነው። አዲስ የሚቆፈረው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይቆፈርም።

የባሕር ዳርቻና የተራራ መንገድ ያላት ደሴት ምን ትመስላለች?

ለዚህ ደቡብ ኮሪያ ያለችው ጄጁ ጥሩ ምሳሌ ናት። ጄጁ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት ናት። ስፋቷ ወደ 1,850 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በስፋት ብቻ ካየነው ጣና ከእሷ ይበልጣል። መሐሏ ላይ ሃላሳን የሚባል 1,947 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ቆሟል፤ የደቡብ ኮሪያ ትልቁ ተራራ እሱ ነው። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ፈገግ ሊል ይችላል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

በ2007 እ.ኤ.አ. አንዲት የቀድሞ ጋዜጠኛ ስፔን ውስጥ ያለውን የሳንቲያጎ የመንፈሳዊ ተጓዦች መንገድ በእግሯ ከሄደች በኋላ፣ ወደ ትውልድ ደሴቷ ተመልሳ «ጄጁ ኦሌ» የሚባለውን መስመር ጀመረች። የጠፉ የቆዩ መንገዶችን ፈልገው አወጡ። የመንደር መተላለፊያን፣ የእርሻ ዳርን፣ የባሕር ዳርቻን አያያዙ። ዛሬ ደሴቷን የሚዞሩት መስመሮች ተደምረው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቀን የሚሄዱት ነው። ምልክቱ ዛፍና አጥር ላይ የሚታሰር ሰማያዊና ብርቱካናማ ጥብጣብ ነው። መንገደኛው ትንሽ ደብተር ይገዛና መነሻው፣ መሐሉና መጨረሻው ላይ ማኅተም ይመታል። ማኅተሙ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው መስመሩን እንዲጨርስና ለሌላው ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል።

ተራራው የተለየ ሥርዓት አለው። የሃላሳን አናት ላይ ለመውጣት በሁለቱ ዋና መንገዶች አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። በደሴቷ ላይ ካሉት ትንንሽ ኮረብታዎችም አንዳንዶቹ ሲጎዱ ለዓመታት ይዘጋሉ። መሬት ይከለላል፤ እንዲያርፍ ይተዋል። የኛ ገበሬ ይህን አስተማሪ አያስፈልገውም፤ መሬት ማሳደር ያውቃል።

ከጄጁ የሚወሰደው ዋናው ነገር ይህ ነው። የዳርቻ መንገድና የተራራ መንገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዳርቻው ረጅምና ለጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ውሃ፣ ንብረትና ሕዝብ ነው። የተራራው አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ጎርፍ፣ ብርድና ትንፋሽ ነው። ጎጃም ሁለቱም አለው።

የኛዎቹ የት ናቸው?

ከዘጌ እንጀምር። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በሦስት ወገን ውሃ፣ በአንድ ወገን የብስ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመኪናም ይገባል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት እዚያው ጫካ ውስጥ ናቸው። መንገዶቹ ከወደብ ወደ ገዳም፣ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከገዳም ወደ መንደር ይሄዳሉ። የጀልባ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለውን አጭር ዳገት ብቻ ነው። ግራና ቀኙ የቅርሳ ቅርስ መደብ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ ጥሩው መንገድ የሚጀምረው መደቡ ሲያልቅ ነው።

ጫካው የቡና ጫካ ነው። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም እርሻና የቀንድ ከብት በዘጌ እንዳይኖር ከልክለዋል። ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ኖረ። የጣና ዙሪያ አብዛኛው ሲመነጠር ዘጌ የቀረው በዚህ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ሰው በዱር ውስጥ የሚሄድ ቢመስለውም፣ የሚረግጠው የሰው ማሳ ነው። ዛፉ ባለቤት አለው።

ከዚያ ወደ መሐል ሐይቁ ደቅ አለ። የጣና ትልቁ ደሴት እሱ ነው። ገበሬ የሚኖርበት፣ የሚታረስ፣ ለጥ ያለ መሬት ነው። ዳርቻው ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ፊት ለፊቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ ከውሃው ቀጥ ብሎ የተነሣ በደን የተሸፈነ ኮረብታ። እነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ዐፅማቸው ያረፈው እዚያ ነው።

ተራራው ደግሞ ጮቄ ነው። አናቱ ከ4,000 ሜትር አለፍ ይላል። ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ያረጀ እሳተ ገሞራ ነው። ከዙሪያው የሚነሡት ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይገባሉ። ላይኛው ክፍል ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ይበቅልበታል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። መንገደኛ በግዴለሽነት የሰበረው ጅብራ እንግዲህ አበባውን ሳያይ የቀረ ነው። ከታች ግን ጮቄ ባዶ ተራራ አይደለም። ገብስና ድንች ወደ ላይ እየገፉ ወጥተዋል። የሚሄዱት በገበሬ ማሳ ዳር፣ አህያ ከሚነዳ ገበያተኛ ጋር እየተላለፉ ነው።

መንገድን የሚያበላሸው እግር ነው ወይስ ውሃ?

ሁለቱም ናቸው፤ ተራ በተራ። እግር ሣሩን ይገድላል፣ አፈሩን ይጠቀጥቃል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም። ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት ይሂድ? ዝቅ ያለውን ይፈልጋል። ዝቅ ያለው መንገዱ ነው። መንገዱ ቦይ ይሆናል። በሚቀጥለው ክረምት ቦዩ ይጠልቃል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። ያኔ ሰው ቦረቦሩን ትቶ ጎኑን ይረግጣል። ጎኑም ተራውን ይቦረቦራል። ጮቄ ዳገት ላይ ጎን ለጎን የተኙ አራት አምስት መንገዶች ካያችሁ ታሪካቸው ይህ ነው። አንድ መንገድ ነበሩ።

ስለዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰው የት ይሂድ?» ሳይሆን «ውሃው የት ይውጣ?» ነው።

እዚህ ላይ «ተዳፋት» የሚለውን በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። 100 ሜትር ወደ ፊት ስትሄዱ 10 ሜትር ከፍ ካላችሁ፣ የመንገዱ ተዳፋት 10 በመቶ ነው። በዓለም ላይ መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች አማካዩን ከ10 በመቶ ባያሳልፉ ይመርጣሉ። ከዚያ ሲበልጥ ውሃው ጉልበት ያገኛል።

ሁለተኛው ደንብ «የግማሽ ሕግ» ይባላል። የመንገዱ ተዳፋት፣ መንገዱ ከተቀየሰበት ዳገት ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ዳገቱ 30 በመቶ ከሆነ መንገዱ ቢበዛ 15 በመቶ ይሁን። ለምን? መንገዱ ዳገቱን በቀጥታ ከወጣው ውሃው ከላይ እስከ ታች መንገዱን ይዞ ይወርዳል፤ የሚወጣበት ጎን የለውም። መንገዱ ዳገቱን በወርድ ሲቆርጠው ግን ውሃው ተሻግሮት ያልፋል። ለዚህ ነው ጥሩ የተራራ መንገድ የሚጠማዘዘው። መጠማዘዙ ለሚወጣው ሰው ምቾት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር የመንገዱ ወለል ነው። ወደ ገደሉ በኩል በጣም ትንሽ፣ 5 በመቶ ገደማ፣ ዘንበል ይላል። በዓይን አይታወቅም። ውሃው ግን ያውቀዋል። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ መንገዱ ለጥቂት ሜትር ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይነሣል፤ ወይም ድንጋይ በሰያፍ ይቀበራል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ውጭ ይጣላል።

ይህ ለእርከን ሠሪ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ሕዝብ የሚሠራው እርከንና ክትር መነሻው አንድ ነው፤ ውሃን ማዘግየት፣ መበተን፣ ጉልበት ማሳጣት። መንገዱን ከእርከኑ ጋር አንድ ላይ መቀየስ ሲቻል ሁለቱን ለየብቻ መሥራት ድካም ነው።

የመንገድ ትልቁ ጠላት ግን አቋራጭ ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ አንድ የቸኮለ ሰው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ይከተለዋል። በዚያው ክረምት ውሃም ይከተላቸዋል። ጥሩ ቀያሽ መጠምዘዣው ላይ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ትቶ አቋራጩ እንዳይታይ ያደርጋል። በቃል ከልክሎ የቆመ መንገድ የለም።

የጣና ዳር መንገድ ለምን በየዓመቱ ይጠፋል?

ሐይቁ ስለሚተነፍስ ነው። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ነው። ከክረምት በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ከፍ ይላል። ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ገደል ላይ ምንም አይደለም። ለጥ ያለ መሬት ላይ ግን ውሃው ብዙ ርቀት ይገባል፤ ሰኔ ላይ ደረቅ ሣር የረገጡበት ቦታ በመስቀል ሰሞን ደንገል ውስጥ ነው።

የሰውም እጅ አለበት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የመብራትም ጉዳይ ሆኗል። የዳርቻ መንገድ የሚቀይስ ሰው የዘንድሮውን ዳርቻ አይቶ ብቻ ምልክት ቢተክል፣ በሌላ ዓመት ምልክቱ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ከፍ ያለውን የውሃ ምልክት ፈልጎ ከዚያ በላይ መቀየስ አለበት። ዕድሜ የጠገቡ የታንኳ ሰዎች ምልክቱን ያሳዩታል።

ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ አለ። ብዙ የሚነገርለት በጎንደር በኩል ያለው ዳርቻ ነው። አረሙ ነፋስ እየገፋው ስለሚንቀሳቀስ ግን የጀልባ ማቆሚያ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊደፈን ይችላል።

ሁለት ነገር ሳይባል አይታለፍ። ጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ። የሚኖረው ጥልቀት በሌለው፣ ቀንድ አውጣ በሚገኝበት ውሃ ውስጥ ነው። እግር ነክሮ መዝናናት ደስ ቢልም ይቅር። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ማታ ማታ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። ቀን የተሄደበትን ዳርቻ በጨለማ መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ቅርብ ነው» ሲባል ስንት ሰዓት ነው?

ገጠር ሄዳችሁ «ስንት ይርቃል?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ። «እዚችው ናት» ይባላል። ከዚያ ግማሽ ቀን ይኬዳል። ሰውየው አልዋሸም፤ ለእሱ እግር ቅርብ ነው። ለእንግዳ ግን ቁጥር ያስፈልጋል።

ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ስሌት አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ። በዚያ ላይ ወደ ላይ ለሚወጡት ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አንድ ሰዓት ጨምሩ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ነው እንበል። ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ 1 ሰዓት ተኩል። ሲደመር 4 ሰዓት ሊሞላ 6 ደቂቃ ይጎድለዋል።

ይህ ዕረፍት የለበትም፤ ጭቃ የለበትም፤ ፎቶም የለበትም። ስሌቱ ጤነኛና የለመደ ሰውን ይመለከታል። ለከተማ ሰው ሲሶ ያህል ብትጨምሩ አይበዛም። ጮቄ ላይ ደግሞ ሌላም የሚጨመር አለ።

ጮቄ ላይ ትንፋሽ ለምን ያጥራል?

ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሳንባ ቶሎ ቶሎ ይሠራል፤ ልብም እንደዚያው።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የኖረ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከጅቡቲ መንገድ ወይም ከመተማ የመጣ ሰው ግን አልጀመረም። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል። ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ጉልበተኛ መሆን አያድንም፤ እንዲያውም ጎረምሳ ስለሚቸኩል ቶሎ ያገኘዋል። ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ይሻላል። ሕመሙ ከባሰ ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ» አይሠራም።

ብርዱም በስሌት ይታወቃል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 26 ዲግሪ ሲሆን ጮቄ አናት ላይ 12 አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህ በቀን፣ ነፋስ ሳይቆጠር ነው። ሌሊት ውርጭ አለ። ከሐይቁ ዳር በቲሸርት ተነሥቶ በማግሥቱ ጮቄ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ጋቢ ይከብዳል ብሎ የተወ ሰው የሚጸጸተው እዚያ ነው።

ገንዘቡ ለማን ይሆናል? ፈቃዱስ ከማን ነው?

መሬቴ ይወሰዳል ብሎ የሰጋው ሰው ጥያቄ እዚህ ይመለሳል። መስመር መዘርጋት መሬት መውሰድ አይደለም። የማለፍ ፈቃድ ነው። ባለመሬቱ ባለመሬት ሆኖ ይቀጥላል። ግን ፈቃድ ዋጋ አለው። ሰው በማሳህ ዳር ሲያልፍ ሰብል ይረገጣል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሕፃናት ትምህርት ትተው ብር ይለምናሉ። ጥቅሙ ለሌላ፣ ጉዳቱ ላንተ ከሆነ አንድ ቀን እሾህ አጥረህ ትዘጋዋለህ። ማንም አይፈርድብህም።

ዘጌ ላይ ነገሩ በግልጽ ይታያል። እንግዳው ለጀልባ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ባሕር ዳር ይቀራል። ለገዳሙ መግቢያ ይከፍላል፤ ለአስጎብኚው ይከፍላል። በመሐል ያለው የቡና ባለቤት፣ መንገዱ በጓሮው የሚያልፈው ሰው፣ ቡና አፍልቶ ካልሸጠ ወይም ቅርጫትና ሥዕል ካላቀረበ ምንም አያገኝም። ታዲያ ለምን ዛፉን ያቆየዋል? እንጨቱ ባሕር ዳር ገበያ አለው። ጫካው ለመንገደኛው ጥላ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ወይ ቡና ነው ወይ ማገዶ። መስመሩ ከጫካው ጋር የሚኖረው ጥላው ለባለቤቱም የሚከፍል ሲሆን ብቻ ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሰውን አስወጥቶ ሳይሆን ከሰው ጋር መጠበቅ።

የሚሠሩ መንገዶች አሉ። አንዱ በአንድ ቦታ የሚከፈል ክፍያ ሆኖ ድርሻው አስቀድሞ በጽሑፍ መከፋፈሉ ነው፤ ለገዳም፣ ለመንደር ኮሚቴ፣ ለመንገድ ጥገና። ሌላው አስጎብኚዎች በተራ መሥራታቸው ነው። ተራ ከሌለ ወደብ ላይ ሽሚያ ይሆናል፤ እንግዳውም ከጀልባ ሳይወርድ ይማረራል። ሦስተኛው ማደሪያንና ምግብን በመንደሩ ማድረግ ነው። ጄጁ ላይ በባሕር ውስጥ ጠልቀው የሚሠሩት ሴቶች ያወጡትን ለመንገደኛ ዳርቻው ላይ ይሸጣሉ፤ የመንደር ቤቶችም ያሳድራሉ። በእኔ ግምት ከሦስቱ ትልቁ ይሄኛው ነው። የሚያድር እንግዳ እራት ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ በቅሎ ይከራያል። ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ እንግዳ የሚተወው የውሃ ላስቲክ ነው።

ከገንዘብ ሌላ የገዳም ሥርዓት አለ። ይህ የቱሪዝም ደንብ አይደለም፤ ከቱሪዝም በፊት የነበረ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባም። ዘጌ ላይ ያሉት እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ይቀበላሉ። ጫማ ይወልቃል። ሰውነት ይሸፈናል። በቅዳሴ ሰዓት መንገደኛ ይጠብቃል። መስመር የሚያዘጋጅ ሰው ይህን በመነሻው ላይ መጻፍ አለበት። አንዲት ሴት አንድ ሰዓት በጀልባ ሄዳ ወደቡ ላይ «አይቻልም» ብትባል፣ ጥፋቱ የአባቶች ሳይሆን ቀድሞ ያልነገራት ሰው ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ምን ይጠይቅ?

መጀመሪያ ሰላሙን። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለው ግጭት መንገዶችን ይዘጋል፣ ይከፍታል። ትናንት የተሄደበት ዛሬ ላይሄድ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ያለ የቆየ መረጃ ለዚህ አይረዳም። እዚያው የሚኖር ሰው ደውሎ መጠየቅ ነው።

ወቅቱ ቀጥሎ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ ነው፤ ጮቄ በጉም ይሸፈናል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምድሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አለ፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ሐይቁ ግን ያኔ ሞልቷል፤ የዳርቻው መንገድ በከፊል ውሃ ውስጥ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት የዳርቻው መንገድ ይደርቃል፤ ተራራውም ይደርቃል፣ አቧራ ይበዛል። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ኅዳርንና ታኅሣሥን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ጀልባ የሚከራይ ሰው ጠዋት ይነሣ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ከመሳፈር በፊት ይይ። ዋጋውን ሲነጋገር ሦስት ነገር ለይቶ ይጠይቅ፤ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ደርሶ መልስ ነው? ባለጀልባው ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ዘጌ ላይ ከወደብ ወደ ሌላ ወደብ በእግር አቋርጦ መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ጀልባው በሌላኛው ወደብ እንዲቀበለው አስቀድሞ ይስማማ። ብዙ ባለጀልባ የለመደው እንግዳን ባወረደበት ቦታ መጠበቅ ነው።